ተራ ቁጥር አንድ

የብስክሌት ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አንዲት ገጽ ነበረች፤ እሷንም የጻፈው የአናጢው ታላቅ ወንድም ነው። ሰፈሩ «ፍሬን የለሽ» ይለው ነበር። ረጅም ስብሰባ እንደ ጥርስ ሕመም ስለሚጠላ፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ኮርቻ ላይ ሆኖ ያልተሰጠ ድምፅ ድምፅ አይደለም» ብሎ አሰፈረ። ስለዚህ ማኅበሩ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን ዳገት ሲወጣ ነበር። ዳገት ላይ ነገር የሚያረዝም የለም፤ ትንፋሽ ያለው እጁን ያነሳል፣ ትንፋሽ የሌለው ይስማማል።

ፍሬን የለሽ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የሞተው ከብስክሌት ወድቆ አይደለም፤ ተኝቶ ነው። በሕይወቱ ቀስ ብሎ ያደረገው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። በአባላት መዝገብ ላይ ግን አሁንም ተራ ቁጥር አንድ እሱ ነበር። አናጢው በየወሩ የራሱን መዋጮ ሲከፍል የወንድሙንም አብሮ ይከፍላል፤ ገንዘብ ያዡ ዳቦ ጋጋሪም አንድም ቀን ለምን ሳይል፣ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ደረሰኝ ይቆርጥለታል።

ሰላሙ የደፈረሰው ፋርማሲስቷ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ቅጽ ይዛ የመጣች ዕለት ነው። ዝናቡ ዳገቱን ወንዝ አድርጎታል፣ ቅጹ ደግሞ በማግስቱ መግባት አለበት። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዎች ዘጠኝ ብስክሌት እየገፉ የአናጢው ወርክሾፕ ገቡ። ከመጋዙ እስከ በር ያልተገጠመለት ቁም ሳጥን ድረስ ተደርድረው ኮርቻቸው ላይ ወጡ፤ እንዳይወድቁ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ትከሻ ያዘ። መጨረሻ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ የሚይዘው ትከሻ ቢያጣ ቁም ሳጥኑን ተደገፈ።

«ነገሩ አጭር ነው» አለች ፋርማሲስቷ እየተወዛወዘች። «መዋጮው ሰው እያባረረብን ነው። የጡብ ፋብሪካው ዘበኛ መክፈል ቢያቅተው እኮ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ቀረ። በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆንን ግዴታው ይቀራል፤ ያለው ይሰጣል፣ የሌለውም ይነዳል።»

«እና ማንን ረዳን ልንል ነው?» አለ ጡረተኛው መምህር። «እኛ ከገዛ ጉልበታችን በቀር ማንን ረድተን እናውቃለን?»

«እኔ ሚስቴን ረድቻለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከወዲያ ጫፍ። «እሁድ እሁድ ከቤት እወጣላታለሁ።»

ሁሉም ሳቁ፤ አናጢው ግን አልሳቀም። «ዝርዝሩስ?» ሲል ጠየቀ።

«የአባላት ዝርዝር ይያያዛል» አለች። ድምጿ ዝቅ አለ። «በሕይወት ያሉና… የፈረሙ ብቻ።»

ያ ዝቅ ያለ ድምፅ! ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ አናጢው ፊት እንደዚያ ነበር የሚያወራው፤ ሕፃን የተኛበት ቤት የገባ ይመስል። የወንድሙን ስም የሚያነሳ ጠፍቷል። ስሙ የቀረው መቃብሩ ላይና መዝገቡ ላይ ነው፤ ከመዝገቡ ከተፋቀ ደግሞ አናጢው ወንድሙ ሁለተኛ የሚሞት መሰለው።

«እንግዲያው ወንድሜም ድምፅ ይሰጣል» አለ። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወንድሙን ብስክሌት አወረደ። በየሳምንቱ ይወለውለዋል እንጂ አንድም ቀን ወጥቶበት አያውቅም።

«ኧረ ባክህ፣ ሟች ልሰረዝ አልሰረዝ ብሎ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«መዋጮውን ከፍሏል» አለ መምህሩ ጣቱን ቀስሮ። «ደንቡ የሚጠይቀው መዋጮና ኮርቻ ነው። ትንፋሽ አይልም።»

«የራስህ ድምፅስ?» ስትል ጠየቀችው ፋርማሲስቷ።

«እኔ ድምፀ ተዓቅቦ ነኝ።»

ወንድሙ ሸንበቆ የሚያህል ሰው ነበር። አናጢው ኮርቻው ላይ ሲወጣ እግሩ መሬት ቀርቶ ፔዳሉም ላይ አልደርስ አለ። የመምህሩን ትከሻ በሁለት እጁ አንቆ ተንጠለጠለ።

«የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ!» አለች ፋርማሲስቷ።

ስድስት ሰው እጁን አነሳ። ስድስት ትከሻም ተለቀቀ።

መጀመሪያ መሃል ያለው ሰው ዘመም አለ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው፣ ከዚያ መምህሩ አናጢውን እንዳዘለ፤ ዘጠኙም እንደ በቆሎ አገዳ ተነጠፉ። ዳቦ ጋጋሪው በር በሌለው ቁም ሳጥን ውስጥ በቂጡ ገብቶ ተሰነቀረ። ሰጋቱራው ቦነነ። አንዲት ጎማ ብቻዋን ትሽከረከራለች።

«አይ ፍሬን የለሽ!» ብሎ ጮኸ ዳቦ ጋጋሪው። «በቁሙ ሦስት ጊዜ ቦይ ከተተኝ፣ ሞቶ ደግሞ ቁም ሳጥን ይክተተኝ? ምን ዓይነት መዥገር ነው ጎበዝ!»

ወዲያው አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ድገመው» አለ አናጢው ከሁለት ብስክሌት ሥር።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ አፌ ነው…»

«ስድቡን ድገመው እልሃለሁ!»

«መዥገር» አለ ዳቦ ጋጋሪው በፍርሃት።

«ሌባም ነበር» አለ መምህሩ በጀርባው እንደተንጋለለ። «ምሳዬን በልቶ ሲያበቃ፣ ዳገቱ እንዳይከብድህ ብዬ ነው አለኝ።»

«እኔን ጠይቁኝ!» አለች ፋርማሲስቷ መነጽሯን እየፈለገች። «ሠርጌ ዕለት ከሙሽራው ቀድሞ ደርሶ፣ ፎቶው እንዳያመልጥሽ ብሎ አጠገቤ ቆመ። እስከ ዛሬ አያቴ ባሌ እሱ ይመስላታል!»

አናጢው መሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንባው ከሰጋቱራው ጋር ተቦክቶ ፊቱ ላይ ተጋገረ። ሌሎቹም ከወደቁበት ሳይነሱ፣ እየተቀባበሉ፣ ጮክ ብለው የሟቹን ጉድ ዘረዘሩ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ አንድም አልነበረም።

ሳቁ ጋብ ሲል ፋርማሲስቷ «ታዲያ ዝርዝሩን ምን ላድርገው?» ብላ ጮኸችበት።

«አምጪው።»

አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ፣ ማስመሪያውን ከኪሱ አወጣ። ወረቀቱን መሬት ላይ ዘረጋና ማስመሪያውን ከተራ ቁጥር አንድ ጋር አስተካክሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«ስም ነው የምትሰርዘው ወይስ በር ነው የምትሠራው?» አለ መምህሩ።

«ጠማማ ከሆነበት ተነስቶ ይመጣል» አለ አናጢውና ቀጥ ያለች መስመር አሰመረ። ከዚያ የራሱን ብስክሌት ከክምሩ መዝዞ ወጣበት።

«ኑ፣ ያንን ሰውዬ ከቁም ሳጥኔ አውጡትና ኮርቻችሁ ላይ ውጡ፤ ደንብ ደንብ ነው። እኔ ደግፌያለሁ» አለ የመምህሩን ትከሻ እየያዘ። «አሁን ግን የምትደግፉ፣ በእናታችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ።»