ፍራሹ የበላው ቁጥር

«ጋሼ መቀስ» ይሏቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜና ሲቆርጡ የኖሩ አዘጋጅ ናቸው፤ ታዲያ እዚህ ጋዜጣ ቤት ሌላ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ማስታወቂያ ክፍሉ ገጹ ላይ እንደ ልቡ ይንፈላሰሳል፤ ዜና የሚገባው በተረፈችው ጥጋጥግ ነው። እንግዳ አልጋ ይዞ ባለቤቱ መሬት የሚያድርበት ቤት በሉት።

ትናንት ከሰዓት ወጣቷ ሪፖርተር ከሆስፒታል እየሮጠች መጣች። የተበከለ የሕፃናት የዱቄት ወተት ገበያ ገብቷል፤ ስምንት ሕፃናት ታመው ተኝተዋል። ክፉውን ከደጉ የሚለየው ቆርቆሮው ሥር የታተመው ቁጥር ብቻ ነው። ጋሼ መቀስ አነበቡትና «ጎሽ፣ የኔ ልጅ» ብለው ለፊት ገጽ አሰናዱት።

ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የማስታወቂያ ኃላፊው ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ የፍራሽ ቅናሹ ሰፋ ይበል ተብሏል። አምስት መስመር ብቻ ይልቀቁልኝ።»

«ኧረ ተወኝ አንተ ሰው፣ ዛሬስ የሕፃናት ጉዳይ ነው።»

«ዜናውን ማን ነካው? ጫፉን እኮ ነው። ደሞዛችንም ከዚሁ ፍራሽ ነው የሚመጣው።»

እውነቱን ነው፤ ቆሽት የሚያሳርረውም ይኼው ነው። ጋሼ መቀስ እያጉረመረሙ የሙያውን ልማድ ተከተሉ። ቦታ ሲጠብ ዜና ከሥር ይቆረጣል፤ ዋናው ነገር ሁሌም ላይ ነው ይባላላ። የመጨረሻዎቹን አምስት መስመሮች ደግመው ሳያነቡ አነሷቸው።

ጠዋት ሴት ልጃቸው ደወለች።

«አባዬ፣ ጋዜጣውን አየሁት። ቤት ሁለት ቆርቆሮ አለኝ፤ አንዱን ለልጁ ከፍቼዋለሁ። የትኛው ነው?»

«ቁጥሩን እዪው እንጂ፣ እዚያው ተጽፎ...» ጋዜጣውን ሲገልጡ ክው አሉ። ዜናው «እናቶች ቁጥሩን እንዲያመሳክሩ ሐኪሙ አሳስበዋል» ብሎ ያልቃል። ከሥሩ ፍራሽ ተንጋሏል።

ሪፖርተሯን ጠርተው ቁጥሩን ከማስታወሻዋ ለልጃቸው በስልክ አነበቡላት። የተከፈተው ደህናው ነበር፤ ክፉው ለነገ የተቀመጠው ነው። ልጃቸው «እኔስ አባት አለኝ፤ ጎረቤቴ ማንን ትጠይቅ?» አለች።

ጋሼ መቀስ ደረጃውን ወረዱ። የማስታወቂያ ኃላፊው ፊቱ በርቷል፤ ጋዜጣው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሸጦ አልቆ እንደገና ሊታተም ነው።

«ቁጥሩን አስገባልኝ» አሉት።

«ገጹ ተሽጧል እኮ፣ ጋሼ። ከውስጥ የጥቃቅን ማስታወቂያ ዓምድ ላይ ቦታ አለ። እሱ ደግሞ በክፍያ ነው፤ ለሠራተኛም ቅናሽ የለውም።»

ሊሰድቡት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት፤ ማተሚያው አይጠብቅም። የማስታወቂያ መቀበያው መስኮት ጋ ተሰልፈው፣ የሚከራይ ቤትና የሚሸጥ መኪና ከሚያስመዘግቡት ኋላ ቆመው፣ ተራቸው ሲደርስ የወተቱን ስምና የቆርቆሮውን ቁጥር ለተቀባይዋ ሰጧት።

«ያለ ስም አይወጣም። የማን ማስታወቂያ ልበል?»

ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው አስጻፉ። ከሥሩ «ቁጥሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» የሚል አስጨመሩ። ተቀባይዋ ቃላቱን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቆጠረችና የአራት ቃል ጭማሪ ሂሳብ ጠየቀቻቸው።