የጎረቤት ልጅ ቀሚስና የአባባ ሱሪ

ይህች ልጅ ዛሬ ከቀረች ምን ይውጣታል? አያትየዋ ከማለዳ ጀምሮ የምታብሰለስለው ይህንኑ ነው። ትልቁ ስፌት ቤት ሠራተኛ ለመቅጠር ፈተና የሚሰጠው ዛሬ ረፋድ ላይ ነው፤ ተፈታኞች የሰፉትን አንድ ልብስ ይዘው ይቀርባሉ። የልጅ ልጇ ግን የሰፋችውን ሸሚዝ ወዲያ ጥላ፣ ስፌት መኪናዋ ሥር ኩምትር ብላ ተቀምጣለች።

ጣጣውን ያመጣችው አብራት ስፌት የተማረችው የጎረቤት ልጅ ናት። ትናንት የፈተና ቀሚሷን «እስቲ እዪልኝ» ብላ ትታላት ሄደች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የራሷን ሸሚዝ ዓይኑን ማየት ጠላች።

አያትየዋ መነጽሯን ሰክታ እንከን ልታወጣለት ቀሚሱን ገለበጠችው። ምን ዋጋ አለው፣ ውስጡ ከውጪው ያምራል! የተንጠለጠለ ክር ባገኝ ብላ ጠርዙን ዞረችው፤ ወፍ የለም።

«አየሽ እማማ? ከእሷ ጎን ቆሜ ምን ልባል ነው?»

አያትየዋ ቢጨንቃት ሳጥኗን ከፍታ የሟች ባሏን ሱሪ አወጣች፤ ሙሽራ ሳለች በእጇ የሰፋችለት ነው።

«በይ ሸሚዝሽን ከዚህ ጋር አስተያዪው።»

ልጅቷ ሱሪውን ዘረጋችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አያትየዋ አለቀሰችብኝ ብላ ክው ስትል፣ ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች።

«አባባ ይሄን ለብሶ ወጣ?»

«ወጣ እንጂ! ሰርግ ሄዶበታል።»

«በየትኛው እግሩ? አንዱ ቁርጭምጭሚት አልደረሰም እኮ! ጨርቁን አጣመሽ ቆርጠሽው ጉልበቱ ወደ ጎን ያያል። ኪሱንማ ጭራሽ አፉን ሰፍተሽዋል!»

«ዕቃ እንዳይጥል ብዬ ነዋ!»

ልጅቷ ተነስታ ሜትሯን ዘረጋች፤ እየለካች፣ በጠመኔ እያሰመረች፣ «ይሄ እዚህ ጋ ቢፈታ፣ ይሄ ቢጠብ» እያለች ወገቧ ቀና፣ ድምጿ ደመቅ አለ። አያትየዋ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ደስ ሊላት ሲገባ ግን የሱሪዋ መነቀፍ ከነከናት።

«በቃሽ እንግዲህ! የዚያች የጎረቤት ልጅ አያት ቁልፍ መትከል እንኳ አታውቅም ነበር። ከእሷማ እኔ በስንት ጣዕሜ!»

ልጅቷ መቀሷንና ሜትሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሸሚዟን አራግፋ ከጎረቤቷ ቀሚስ ጋር ክንዷ ላይ አጋደመችው።

«ሹራብ ደርቢ፣ ብርድ ነው! ደግሞ የሱሪውን ነገር ለዚያች ልጅ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ሰማሽኝ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እንደያዘች በሩን ከፍታ ወደ ፈተናው ሄደች።