አንድ ስም፣ ሁለት ሰርቨር

ዜማ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረች ስምንት ወሯ ነበር። ተወልዳ ያደገችው አዳማ ነው፤ እዚህ ዘመድ የላትም። ከተማው ውስጥ ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ጠዋትና ማታ በፋብሪካው ሰርቪስ ትመላለሳለች።

ጥቅምት ሲገባ ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ፋብሪካው ወደ ሐይቁ የሚለቀው ፍሳሽ በየሰዓቱ ይለካል፤ ልኬቱ የሚጠራቀመው ዐሥራ ሰባት ዓመት ባገለገለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ አዲስ ማዕከላዊ መዝገብ ዘርግቶ ነበር። እያንዳንዱ ሰርቨር ስሙንና አድራሻውን እዚያ ያስመዘግባል፤ መረጃ የፈለገ ሰው መዝገቡን ጠይቆ ወደ ሰርቨሩ ይመራል። ደብዳቤው ለሁሉም ቅርንጫፍ የተላከ ነው፤ ልኬቱ የሚጠራቀምበት ሰርቨር ራሱ ከመዝገቡ ጋር ይገናኝ ይላል።

የቴክኒክ ኃላፊው አቶ አካሉ ደብዳቤውን ለዜማ ሲሰጧት የቢሯቸውን በር ዘጉ።

«ሞክሪው» አሏት። «ግን ዕቃው አርጅቷል፤ ከአዲሱ ጋር የሚግባባ አይመስለኝም። እምቢ ካለሽ አይሆንም ብለሽ አጭር ሪፖርት ጻፊልኝ፤ ሌላ መላ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሰርቨሩ ጠባቂ የአቶ መርስዔ ኀዘን ነገር እንደማያምራቸው ነገሯት። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ልብ ብለሽ ተከታተያቸው አሏት።

አቶ መርስዔ ኀዘን የፍሳሽ ላቦራቶሪው ሠራተኛ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። አባታቸው ከጣና ደሴቶች በአንዱ የድጓ መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም ቅኔ ከተማሩ በኋላ ነው ወደ ዘመናዊ ትምህርት የገቡት። ዝምተኛ ናቸው። ዜማ መጀመሪያ ቀን ወደ ክፍላቸው ስትገባ ተነሥተው ሰላም አሏት፤ የመጣችበትን ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከሰርቨሩ ጀርባ ሄደው የኔትወርኩን ኬብል ነቀሉና መስመሩ ተበላሽቷል አሏት። ኬብሉ ደህና እንደነበር ዜማ አይታለች።

በማግስቱ የይለፍ ቃሉን ጠየቀቻቸው፤ ረሳሁት አሉ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳታንኳኳ ስትገባ ግን ራሳቸው የይለፍ ቃሉን አስገብተው ተቀምጠው አገኘቻቸው። ወዲያው ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞሩት። ከዚያ ወዲህ መቼ እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚወጡ፣ ከማን ጋር እንደሚያወሩ መከታተል ጀመረች። ስልክ ሲመጣላቸው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ምሳቸውን ብቻቸውን ሐይቁ ዳር ይበላሉ። ሁሉም ነገራቸው አላምር አላት።

አሮጌው ሰርቨር የአዲሱን መዝገብ ቋንቋ አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ግድ ነበር። አራት ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ ወደ አቶ መርስዔ ሄዳ፣ ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ከማንበብ በቀር አንዲት ቁጥር እንደማይነካ መስመር በመስመር አስረዳቻቸው። ብዙ ጥያቄ ጠየቋት። በመጨረሻ ራሳቸው ኬብሉን ሰኩ፣ የይለፍ ቃሉንም ጀርባቸውን ሰጥተዋት አስገቡ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከእጇ አልተነሣም።

ዜማ የሰርቨሩን ስም ወደ መዝገቡ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ ይህ ስም ተይዟል።

በዚህ ስም ሌላ ሰርቨር ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ ቀን ተመዝግቦ ነበር። ዜማ ወደ ሽማግሌው ዞረች። እሳቸውም እሷን እያዩዋት ነበር፤ ሌባ እንደሚያዩ ዓይነት አስተያየት ነው። 

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ መዝገቡ ውስጥ ያለውን ሰርቨር ከፈተችና ከአሮጌው ጋር ማስተያየት ያዘች። የሰኔውም የሐምሌውም ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ነሐሴ ላይ ግን ተለያየ። የፍሳሹ የብክለት መጠን ከመቶ በላይ ሲሆን ወደ ሐይቁ መልቀቅ ክልክል ነው። አሮጌው ሰርቨር ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይላል፤ በማግስቱ ሁለት መቶ አርባ። መዝገቡ ውስጥ ያለው ግን በሁለቱም ቀን ሰማንያ ሁለት ነው የሚለው። አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች የሚያዩት ይህንኑ ነው።

የይለፍ ቃሉ ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ስለሆነ አቶ መርስዔን መጠርጠሯን አልተወችም። ሆኖም በፋብሪካው ውስጥ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው፤ የሁለተኛውን ሰርቨር አድራሻ ስትፈልገው ያገኘችው በላቦራቶሪው ሳይሆን በላይኛው ፎቅ፣ በአቶ አካሉ ቢሮ ነበር። የፕሪንተር ቀለም ልቀይር ብላ ወጣች። አቶ አካሉ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከጠረጴዛቸው ሥር፣ ከወረቀት ካርቶኖች ጀርባ፣ ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተቀምጧል። የኬብሉን ቁጥር አነበበች። እሱ ራሱ ነው። ፕሪንተሩን ሳትነካ ወረደች።

በምሳ ሰዓት አቶ መርስዔን ሐይቁ ዳር አገኘቻቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። 

«ቅጂውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ነሐሴ ላይ ዝናቡ የፍሳሹን ገንዳ አሞላውና ሞልቶ ወደ ሐይቁ ሄደ። ለአካሉ ነገርሁት። ለመጠባበቂያ የሰርቨሩን ቅጂ አምጣ አለኝ፤ ሰጠሁት። በመስከረም ሪፖርቱ ሲመጣ አየሁት፤ ንጹሕ ነው ይላል። ቅጂው ላይ ቁጥሩን እንደለወጠው ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«ቅጂውን የሰጠሁ እኔ፣ የይለፍ ቃሉም እኔ ጋ ያለ። ማን ያምነኛል? ዋናውን እንዳያጠፉብኝ ብዬ መጠበቅ ብቻ ያዝሁ። አንቺንም ለዚያ የላኩሽ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም እርስዎ ነዎት ብዬ ነበር» አለች ዜማ። አፈረች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አካሉ አስጠሯት። ሪፖርቱን ራሳቸው አስተይበውታል፤ ሰርቨሩ በማርጀቱ ሊገናኝ አልቻለም የሚል ነው፤ የጎደለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር። ዜማ ሰርቨሩ እንደሚገናኝ፣ ስሙን ግን ሌላ እንደያዘው ነገረቻቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። እሱ ለሙከራ ያዘጋጁት እንደሆነ፣ ቁጥሮቹም የሙከራ ቁጥሮች እንደሆኑ፣ ሊያነሡት ረስተውት እንደቆየ በእርጋታ አስረዷት። ለአንድ አፍታ ልታምናቸው ምንም አልቀራትም። ቀጥለው ግን «አሁን ፈርሚና እኔ አስተካክለዋለሁ» አሏት።

አልፈረመችም። ያን ቀን ከአቶ መርስዔ ጋር ሆና መዝገቡን ለሚያስተዳድሩት ጻፈች። ማንንም አልከሰሰችም። በአንድ ስም ሁለት ሰርቨሮች እንዳሉ ገልጻ፣ የነሐሴን ቁጥሮች ጎን ለጎን አያይዛ፣ የትኛው ይመዝገብ ብላ ጠየቀች። አቶ መርስዔ ከሥር ስማቸውን ጻፉ፤ ቅጂውን ማን ለማን እንደሰጠም ሳይደብቁ ጨመሩበት።

በስድስተኛው ቀን ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሐሰተኛው ሰርቨር ከመዝገቡ ተሰረዘ፤ አሮጌው በዜማ ፕሮግራም በኩል ተመዘገበ። ገንዳው ሲታይ አንደኛው ግድግዳ ተሰንጥቆ ስለነበር እስኪጠገን ማቅለሚያው ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። አቶ አካሉ የሙከራ ነው ያሉትን ደጋግመው ተናገሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወሩ። ያመናቸው ይኑር አይኑር ዜማ አላወቀችም። አቶ መርስዔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ተቀበሉት።

ሥራው በቆመ ሰሞን የማቅለሚያው ሠራተኞች በእሷ ተቆጡ። ሰርቪስ ውስጥ ስትገባ ወሬው ይቋረጣል፤ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር፣ ከሌላ አገር መጥታ እንጀራችንን ዘጋችው ስትል ሰማቻት።  እስከ ሹም አቦ በመስኮት እያየች ሄደች።

ማቅለሚያው እንደገና የተከፈተ ቀን ሠራተኞቹ በገንዳው በኩል ሲያልፉ አዲሱን ግድግዳ ቆመው አዩት። ማታ ያች ሴት ሰርቪሱ ላይ ወጣች፤ ባዶ ወንበር እያለ ዜማ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ስሟ እናትዓለም እንደሆነ ነገረቻት። ቤቷ ሐይቁ ዳር ነው፤ ነሐሴ ላይ የልጇ ገላ ለምን እንዳሳከከው ስትጠይቅ የመለሰላት አልነበረም።

«ቁጥሩን ማየት ይቻላል?» አለቻት።

ዜማ ስልኳን አውጥታ የዚያን ቀን ልኬት ከፈተችላት። ስልሳ ሰባት ይላል። እናትዓለም ስልኩን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«እውነት ነው ግን?» አለች።

ዜማ ነገ በምሳ ሰዓት ወደ ላቦራቶሪው እንድትመጣና ሲለካ ራሷ እንድታይ ነገረቻት።