ለኪራይ የታሰበው ቤት

ልብስ ሰፊዋ በዓለም ላይ ከደላላ በታች የምታስቀምጠው ፍጡር አልነበራትም፤ ያን ቀን ግን ባሏን አስቀመጠችው። አገር ምድሩ ደረጃው ላይ ተሰልፎ፣ ሁለት ጠባብ ክፍልና አንድ የሚያንጠባጥብ መታጠቢያ ቤት ለማየት ይጋፋል። ግድግዳው ሻግቷል። ባሏ ሻጋታውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ቀለም ሲቀባ ይጠፋል» አለ፤ በዕድሜው ቀለም ቀብቶ የማያውቅ ሰው።

ገዝተው ሊያከራዩት ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ የእሷ የስፌት ሱቅ ሲሸጥ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ ባሏ ሥራ ፈትቶ በተጎለተበት ዘመን ሁሉ ቤቱን ያበላ ሱቅ።

«ሌላ ፈላጊ ዋጋ ጨምሯል» አለ ደላላው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ።

«እኛም ጨምረናል!» አለ ባሏ። ወደ እሷ ዞሮም፣ «አሁን ቤት እንደ ዳቦ ነው፤ የቀደመ ይበላል።»

«ዳቦስ ይበላል» አለች።

ይሄኔ ከታች አንድ ሰው «እኔም ጨምሬያለሁ!» ብሎ ስልኩ ላይ እየጮኸ ወጣ። የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በየሳምንቱ ከአንድ ገበታ እየበሉ፣ ምቀኛ እንዳይሰማ ብለው ተደባብቀው ኖሯል ለካ፤ ዋጋውን ሰማይ ያደረሱት እነሱው ናቸው።

ሰው ቢሆኑ ስቀው ይተዉት ነበር። እነሱ ግን እንደ አውራ ዶሮ ተፋጠጡ።

«እሱ ከሚወስደው ዛሬውኑ ሱቃችንን እንሽጥ» አለ ባሏ፣ በሹክሹክታ።

«ሲሠራበት የኔ፣ ሲሸጥ የኛ? አልፈርምም!» ብላው ወረደች።

ቤቱን ታናሽየው ገዛው። ባሏ አኮረፈ፤ እሷም ከነኩርፊያው ንቃው በሰላም ልብሷን ሰፋች።

ከወራት በኋላ የታናሽየው ሚስት ሱቁ በር ላይ ቆመች። ቤቱን የገዙት የእሷን ፀጉር ቤት ሸጠው ነው። ሻጋታው ቀለሙን ልጦ ወጥቶ፣ ያየው ተከራይ ሁሉ ይሸሻል።

«እትዬ፣ ሥራ ካለሽ... ቁልፍ መትከል እንኳ አያቅተኝም» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ለዚህ ቀን ስንት ሽሙጥ አዘጋጅታ ነበር። አንዱም አልወጣ አላት። ያን ቀን ደረጃውን ስትወርድ ስልኳ በእጇ ነበር፤ የሚሸጠው ፀጉር ቤቱ እንደሚሆን ገብቷት ነበርና፣ ለዚህች ሴት ደውላ «አንቺም እንዳትፈርሚ» ማለት ትችል ነበር። ይበላቸው ብላ ነው የተወችው።

«ግቢ» አለቻት፣ የራሷን ወንበር እየለቀቀችላት። ከደላላውም ከባሏም በታች ገና ቦታ እንዳለ ያወቀችው ያኔ ነው።