የበርባሪ ዓርማ በጋሻው ላይ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ወንድሜ ግን ድንጋይ ያናግራል።

እኛ ቤት «አዋጅ» ነው የምንለው። ሻይ ቢያፈላ እንኳ ለሰፈሩ ሁሉ ያሳውቃል። ታናሼ ነው፣ አዝዬ ያሳደግኩት፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሲያናድደኝ እጥፍ የሚያናድደኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራውን ለሕዝብ ሊያሳይ በትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ ማይክራፎን ጨብጦ ሲንጎራደድ ሳየው፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘኝ ብስጭት ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። «በርባሪ» የሚባል የመፈለጊያ ሶፍትዌር አለ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፣ ማንም ይቀጥልበታል። ክሊኒኩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሰነድ የተከመረበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ፋይሉን የሚያገኘው በእሱ ነው። እኔ ሶፍትዌሩን ከሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ። የውጭ ሰዎች ሠርተው የሚቀጥሉበትን ተጨማሪ ክፍል፣ ፕለጊን የሚባለውን፣ እያየሁ በድረ ገጻችን ላይ አስተዋውቃለሁ። ደንባችን አጭር ናት፦ የራስህን ስም አስቀድም፣ የእኛን ከኋላ አድርግ፣ ዓርማችንን አትለጥፍ፣ «የበርባሪ ሰዎች አልሠሩትም» ብለህ ጻፍ። በቃ።

የወንድሜ ፕለጊን የተዘጉ ፋይሎችን ይከልላል። ፈቃድ የሌለው ሰው የበሽተኛ ስም ጽፎ ቢፈልግ፣ «ምንም አልተገኘም» ይለዋል። ጎበዝ ሥራ ነው፤ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ስሙን ግን «በርባሪ ጋሻ» አለው፤ ዓርማችን የሆነችውን አጉሊ መነጽርም ከነቀለሟ ለጠፈበት። የላፕቶፑ ክዳን ላይ ሳይቀር ለጥፏታል።

«አንሳው» ብዬዋለሁ። «ጋሻ በለውና ከሥሩ ለበርባሪ የተሠራ ብለህ ጻፍ።»

«እህት ዓለም፣ ጋሻን ብቻውን ማን ያውቀዋል? ሰው የሚያምነው የእናንተን ስም ሲያይ ነው።»

«እኔም የምለው እሱን እኮ ነው!»

«እሺ በቃ፣ ከዝግጅቱ በኋላ።»

ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔም ገጻችን ላይ አላወጣሁለትም። እሱ በራሱ መንገድ ለፈፈ፣ የሰፈራችን ክሊኒክም ወሰደው።

እማዬ አዲሱን ሻሿን አስራ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ስለ እሷ ወንድሜ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶባታል። እዚያው ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ውጤቱን ስንሰማ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «ሥራው ሰው ፊት እስኪቀርብ እንዳትነግሪው። ሁሉን ጥሎ እኔ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ» አለችኝ። አስማለችኝም። «እዚህ ደግሞ የልጄ ጋሻ አለ፤ ፋይሌን ማን ያየዋል?» ብላ ሳቀች። አንጀቴን በላችው።

ከመድረኩ ጎን ቆሜ ሳለ የክሊኒኩ ቴክኒሻን ፊቱ በርቶ መጣ።

«አዲሱን የበርባሪ እትም ዛሬ ጠዋት ጫንኩት። እንዴት ይፈጥናል! እጃችሁ ይባረክ።»

«ጋሻውስ?»

«እሱም አብሮ ታድሷል አይደል? ያው የእናንተው ነው።»

«የእኛ ነው ያለህ ማነው?»

«ስማችሁ አለበት፣ ዓርማችሁ አለበት...» አለ ግራ ገብቶት።

ያኔ ገባኝ። አዲሱ እትም ለእሱ እንዲስማማ ያልታደሰ የውጭ ፕለጊን ሲያገኝ፣ አላውቅህም ብሎ ዘሎት ያልፋል። ይሄንን ለፕለጊን ሠሪዎች ሁሉ ቀደም ብለን ጽፈናል። አዋጅ መቼ አንብቦ! ፖስተር ሲያሳትም ነው የከረመው። ቴክኒሻኑም የውጭ ሰው ሥራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ፣ ሠሪውን ሳይጠይቅ አዲሱን እትም አይጭንም ነበር። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ ያለው የሰው ገመና ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰጥቷል።

«ፍለጋውን አዘጋ! አሁኑኑ ደውል!» አልኩት። ፊቴን አይቶ አልተከራከረም፤ ስልኩን እየነካካ ወደ በሩ ሮጠ።

መድረኩ ላይ ወንድሜ ጋለ። «ይሄ ለማሳያ የተቀናበረ ነገር አይደለም! ክሊኒኩ ፈቅዶልኝ በቀጥታ ገብቻለሁ፣ የበሽተኛ ፋይል ማየት በማይፈቀድለት የእንግዳ ተቀባይ መግቢያ። የማንን ስም ልፈልግ? የሰው አልነካም፤ የእናቴን! ጉልበቷን የምትታከመው እዚያው ነው፣ ፋይል አላት። ሲሰወር እዩ እንግዲህ! እማዬ፣ ትፈቅጂልኛለሽ?»

ሰው ሳቀ። እማዬም ልትስቅ ጀምራ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ። ልጇን አመነችውና በአንገቷ እሺ አለችው።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

«እህቴ ናት» አለ ለሕዝቡ። «በዓርማ ነገር አኩርፋብኝ ነው።»

ሳቁ ደመቀ። የእማዬ ስም ፊደል በፊደል ግድግዳው ላይ እየገዘፈ ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ መድረኩን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ከላፕቶፑ ወደ ግድግዳው ስክሪን የሚሄደውን ገመድ ይዤ መነጨቅኩት።

ግድግዳው ጨለመ። አዳራሹ በጉርምርምታ ተሞላ። ወንድሜ ላፕቶፑን አቅፎ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለችው የወንበር ማከማቻ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አዋረድሽኝ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

«ጋሻው አይሠራም። አዲሱ እትም ዘሎታል። ጠዋት ሲጭኑት ያንተ መሆኑን አላወቁም፤ የእኛ ነው የመሰላቸው።»

«ቅናት ነው ያንቺ! ከመጀመሪያውም ቅናት ነው!»

«ቅናት? እኔ? ይሄ ጀርባ አይደል እንዴ አንተን የተሸከመው!» ደሜ ፈላ፤ ጥፊ ሁሉ አምሮኝ ነበር።

«እንግዲያው አሳይሻለሁ።» ላፕቶፑን በተደራረቡት ወንበሮች ላይ አስቀምጦ ከፈተው። የእማዬ ስም እንደተጻፈ ነው። እጄን ሰድጄ ክዳኑን ተጫንኩት።

«ተው። በእናትህ ተው።»

«ምንድነው የምትደብቂኝ?»

ለእማዬ ምያለሁ። ክዳኑን አልለቀቅኩም። እጄን ገፍቶ «ፈልግ» የሚለውን ተጫነ።

ወጣ። የጉልበቷ ብቻ አይደለም፣ ሁሉም ወጣ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ሲያነብ አየሁት፤ አንዱ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ገጹ ጥፍት አለ። ቴክኒሻኑ አዘግቶት ነው። ምናለ ትንሽ ቢቀድም! ምናለ!

«ታውቂ ነበር?» አለኝ። ድምፁ የዚያ የአዋጅ ድምፅ አልነበረም።

«አስምላኝ ነው። ዛሬ ሥራህን ካቀረብክ በኋላ ራሷ ልትነግርህ ነበር።»

«እኔ እኮ...» አለና ቀረ። ልቆጣው ያሰናዳሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

በሩ ተንኳኳ። እማዬ ናት። ወንድሜ ክዳኑን ከደነው። የእኛ አጉሊ መነጽር እዚያ ክዳኑ ላይ ታፈጣለች። ጥፍሩን ከጠርዟ ሥር ከትቶ ቀስ እያለ ይልጣት ጀመር፤ ቀና ብሎ አላየንም።

«ልጆች፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። ዐይኗ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። «ስሜን ጽፈህ... ምን አገኘህ?»

ወንድሜ መላጡን አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገና ቀና ብሎ አያት፤ ፈገግም አለላት።

«ምንም አልተገኘም፣ እማዬ።»

እፎይ ብላ በሩን ተደገፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አላልኩሽም? የልጄ ሥራ እኮ ነው» አለችኝ።