የሦስት ኤ ሪከርድ

የእናቷን ሪከርድ ያጠፋችው እሷ ናት። ሌባ አልገባም፣ መብራት አልሄደም፣ አይጥም ሽቦ አልበላም። ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ እጇን ታጥባ፣ በገዛ መፍቻዋ የጌሙን ካሴት ከፈተችና ባትሪውን ቀየረችው። ሪከርዱ ከአሮጌው ባትሪ ጋር አብሮ ወጣ።

ነገሩን የሚያብሰው ሙያዋ ነው። ቤተሰቡ «ኢንጂነሯ» ነው የሚላት፤ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሽሙጥ። ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያዎችን ትከታተላለች። ሥራዋን «ጥገና» ሲሉባት አትወድም። «የተበላሸማ ማንም ይጠግነዋል፤ ቁም ነገሩ እንዳይበላሽ ማድረግ ነው» ትላለች። ያልሞተ ባትሪ ትቀይራለች፣ ያልላላ ብሎን ታጠብቃለች፣ ያላረጀ ሽቦ ትነቅላለች። አመሏ ቤት ድረስ ተከትሏት ይገባል። የእናቷ የበር ደወል አንድም ቀን ሳይበላሽ ሦስት ጊዜ ተጠግኗል፤ መጮህ ያቆመው ከሦስተኛው ጥገና በኋላ ነው።

በዚያ ላይ ሳታውቅ የሠራችው ስህተት አልነበረም። በድሮ ካሴት ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሪከርዱን ይዛ የምታቆየው እሷው እንደሆነች፣ እሷ ከተነቀለች የተመዘገበው ሁሉ እንደሚጠፋ አሳምራ ታውቃለች። የሆስፒታል ማሽን ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ቅጂ ትወስድ ነበር። ግን የምሳ ሰዓቷ እያለቀ ነበር፤ ደግሞስ ለመጫወቻ ማን ቅጂ ይወስዳል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እሷ የምትለቅመው እንኳ አልተረፋትም። ጌሙን ስታበራው ከላይኛው መስመር ላይ በዜሮ የተሞላ ረድፍ ተደርድሮ ጠበቃት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷና ወንድሟ ልጆች ሳሉ ቤታቸው አንድ ግራጫ ጌም ነበር፤ ጡቦች ከላይ እየወረዱ እነሱን እያዞሩ መደርደር፣ ረድፉ ሲሞላ መጥፋት፣ በቃ ይኸው ነው። እናታቸው በዚያን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ጣቷ ታይፕ ላይ ሲሮጥ የማሽኑ ድምፅ የዝናብ ያህል ነው። አንድ እሑድ ልጆቹን ዕቃ እጠቡ ብላ አስነሳችና «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብላ ተቀመጠች። ዕቃው ታጥቦ አለቀ፣ ምድጃ ላይ የተጣደው አረረ፣ እሷ አልተነሳችም። በመጨረሻ ማሽኑ ስም ጻፊ ሲላት ፊደሉ እንዴት እንደሚቀየር ስላላወቀች ዝም ብላ አዝራሩን ተጫነች። ማሽኑም መጀመሪያ ያገኘውን ፊደል ሦስት ጊዜ ደርድሮ ሪከርዱን በ«ኤ ኤ ኤ» ስም መዘገበው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹም፣ የልጆቹም ጓደኞች፣ ያችን ሴት የሚያሸንፍ አልተገኘም።

በዚያ እሑድ ሶፋው ላይ የአባታቸው እህት ነበረች። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ጡረታ ከወጣች በኋላም ከዘመድ እስከ ጎረቤት «ቲቸር» ነው የሚላት። ቲቸር በሕይወቷ ሰው ያልበለጠችበት ነገር የለም። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ልጆቿ አንደኛ ይወጣሉ፣ ጉንፋን እንኳ ሲይዛት ከሌላው ሰው የባሰ ነው የሚይዛት። እናታቸው በዚህ ሁሉ ላይ የምትመልሳት አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ «ጡቦቹንስ?» ቲቸር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ዕድል ነው» ትል ነበር፤ ዕድል ለመሆኑ በወረቀት ላይ ሠርታ አሳይታለች። ኋላ ላይ ግን ነገሩን ጭራሽ ካደችው። «እኔ ፈተና እያረምኩ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየሁም።» አባታቸው በሕይወት ሳለ «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» እያለ የሚኖር ሰው ስለነበር ዳኛም አልተገኘም።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ነገሩ ጠነከረ። «ለመሆኑ ኤ ኤ ኤ ማን ነው? ሰው ነው?» አለች ቲቸር። እናታቸው «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነይና በዓይንሽ እዪው» ብላ ስልኩን ዘጋችባት። በቲቸር ላይ ስልክ ስትዘጋ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወደ ኢንጂነሯ ዞራ «እስቲ ያንን ጌም ከቁም ሣጥን ላይ አውርጂና ይሠራ እንደሆነ እዪልኝ» አለቻት። ይሠራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኢንጂነሯ ካሴቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ወንድሟ ሄደች። ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በአንድ ዓመት ይበልጣታል፣ በዚያች በአንድ ዓመት ሰበብ «ጋሼ» ካላለችው አይሰማም። ሌላው ፀጉር ቤት ኳስ በሚያሳይበት ቴሌቪዥን እሱ የድሮ ጌም ያሳያል። ኮምፒውተሩ ላይ የድሮዎቹን ማሽኖች የሚያስመስል ፕሮግራም ጭኗል፤ የልጅነቱ ጌሞች አንድ ሳይቀሩ እዚያ ውስጥ አሉ። አይጫወታቸውም። አንዱን ይከፍታል፣ ሙዚቃውን ይሰማል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ «ይቺን ታስታውሳላችሁ?» ይላል፣ ይዘጋዋል፣ ሌላ ይከፍታል።

«ጋሼ፣ ካሴቱ ባዶ ሆነ።»

ጋሼ መላጫውን አቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ ይጠብቃል።

«የትኛው ካሴት?»

«የጡቦቹ።»

«የእማዬ?»

«ስንት የጡብ ካሴት ነው ያለን?»

«ምን አደረግሽው?»

«ባትሪ ቀየርኩለት።»

«ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም። ሊሞት ይችል ነበር።»

ጋሼ ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ሊሞት ይችላል ብለሽ ገደልሽው!»

«ለለቅሶ አይደለም የመጣሁት። ካሴት ከኮምፒውተር የምታገናኝበትን ዕቃህን አምጣ። ቲቸር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች።»

«ይቅርታ» አለ ደንበኛው፣ «የኔ ግማሽ ጭንቅላት…»

«አንዴ ታገሰኝ ወንድሜ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

ጋሼ ዕቃውን ከመሳቢያ አወጣ፣ ካሴቱን ሰካው፣ ከዚያ ግን ሐሳብ መጣለት። «እዚሁ ተጫውተን ሪከርዱን እናምጣውና ካሴቱ ላይ እንገልብጠው። ፕሮግራሙ ስትሳሳቺ ወደኋላ መመለሻ አለው።»

«ወደኋላ እየመለስክ ያመጣኸው ምኑ ነው ሪከርድ?»

«ቢያንስ ተለፍቶበታል! ዝም ብሎ ቁጥር መጻፍ ውሸት ነው።»

«ሁለቱም ውሸት ነው ጋሼ። የኔው ይፈጥናል።»

አልሰማትም፤ ጀመረ። ጡብ ወረደች፣ ተሳሳተ፣ መለሳት። ወረደች፣ ተሳሳተ፣ መለሳት። አንዲት ጠማማ ጡብ ቤቷ የጠፋባት ይመስል ስትወጣና ስትወርድ ኢንጂነሯ ወንድሟን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ኮምፒውተሩን ተረከበችው። ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባትም።

«ስንት ነበር?»

«መቶ ምናምን ሺህ።»

«ምናምን ስንት ነው?»

«እያየሁት አይደል እንዴ ያደግኩት!»

«እኔም እያየሁት ነው ያደግኩት። ስንት ነበር?»

ተያዩ። እሱ መቶ ሃያ አለ፣ እሷ መቶ ሰማንያ አለች፣ እሱ በእናቱ ምሎ መቶ ሰባ አለ፣ ወዲያው መሐላውን አነሳ። ኢንጂነሯ ስልኳን አወጣች።

«እማዬ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ሪከርድሽ ስንት ነበር?»

«ካሴቱ እጅሽ ላይ አይደል? አብርተሽ አታዪውም?» አለችና እናቷ ዘጋች። በዚያ ሳምንት ስልክ መዝጋት ጥሟታል።

«ከፍ አድርጉት» አለ ደንበኛው በመስተዋቱ ውስጥ እያያቸው። «ነጥቤ በዛ ብላ የተከራከረች እናት አላየሁም።»

ምክሩ የመጣው ከግማሽ ጭንቅላት ነው፤ የተሻለ ግን አልነበረም። ኢንጂነሯ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ ሦስት ኤ ደረደረች፤ ካሴቱን ነቅላ ወጣች። ከድጡ ወደ ማጡ መሄዷን ያወቀችው ኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናታቸው ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ወልውላ፣ የመሥሪያ ቤት ኮቷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስይዛ ጠበቀች። ጋሼ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ አሮጌው ጌም ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝበትን ገመድ ይዞ መጣ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ በቡጢ ተደበደበ።

«ደወላችሁ አይሠራም» አለች ቲቸር ገና ሳትገባ። «የኔ ሙዚቃ ነው የሚጫወተው።»

«ግቢ ቲቸር፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ ጋ ተቀመጪ፤ ከዚህ በደንብ ይታይሻል።»

«ምኑ?»

«የመጣሽበት።»

ኢንጂነሯ ከበሩ አጠገብ ቆማ የእናቷን እጅ ታያለች። እጁ ወደ ጌሙ ሄደ፣ አዝራሩን ተጫነ፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ መስመሮቹ መጡ። ኤ ኤ ኤ። ሁለት መቶ አሥር ሺህ።

እናቷ እጇን ሳታነሳ ቀረች። ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከዚያ ዞራ ልጇን አየች። ጋሼን አላየችውም፤ እጁ አለበት ብላ አልጠረጠረችውም። ከእናቷ አንገት በላይ ያለው ሁሉ ሲቀላ አየች፤ ሴትዮዋ አሁን በዚህ ቁጥር ከጸናች ውሸታም ልትሆን ነው፣ ካልጸናች ደግሞ ያቺ አንዲት መልሷ ዛሬ ማለቋ ነው።

«ይኸው» አለች እናቷ።

ቲቸር መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ጠረገችው፣ አደረገችው፣ ተነሥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች፣ ጎንበስ አለች። ከዚያ እንደ ተማሪ ደብተር አንዴ አየችውና ጣቷን ቀሰረችበት።

«ይሄ አይደለም!»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ ነዋ! መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ አራት መቶ ነው። ሁለት መቶ የት አባቱ ደረሰና! ሰው አታሞኙ እንጂ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጋሼ አፉን በእጁ ያዘ። ቲቸር ጣቷ እንደተቀሰረ ቀረ፤ ፊቷ ላይ ግን ነገሩ ቀስ እያለ ሲደርስባት ይታይ ነበር።

«ስንት አልሽ ቲቸር?» አለች እናታቸው በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

«ምን ስንት አለ…»

«ፈተና እያረምኩ ነበር፣ ቀና ብዬም አላየሁም፣ አላልሽም?»

«በግምት ነው የተናገርኩት።»

«ግምት ደግሞ አራት መቶ የምትባል ጭራ አለው? ልጄ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

«አንቺስ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ኢንጂነሯ። ከዚያ መጠበቅ ስለማትችል ቀጠለች። «እማዬ፣ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባትሪ ስቀይር የድሮው ጠፋ። ትክክለኛውን ቁጥር ደግሞ ማናችንም አላስታወስነውም።»

«አየሽ! አየሽ! አጭበርባሪዎች!» አለች ቲቸር፤ መውጫ ያገኘች መስሏት ነበር።

«እኔስ አስታውሼው ነው?» አለች እናቷ ልጇን። «ከመቶ ሺህ ማለፉንና ሁለት መቶ አለመድረሱን እንጂ። ያስታወሰው ሰው ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

«ትክክለኛውን ልጻፍልሽ? የጋሼ ፀጉር ቤት ቅርብ ነው፤ አሁኑኑ ሄጄ…»

«ተዪው። ይሄንን ሐሰት ግን አጥፊልኝ፤ ያልሠራሁትን አልፈልግም። እባክሽ ደግሞ ምንም ነገር አትቀይሪ፤ አጥፊና እጅሽን ሰብስቢ።»

ኢንጂነሯ በመፍቻዋ ካሴቱን ከፍታ፣ ባትሪውን ለአፍታ ነቅላ መለሰችና አጠፋችው። ከላይ እስከ ታች ዜሮ ብቻ ቀረ። ቲቸር ዜሮዎቹን ስታይ ዓይኗ ላይ አንድ ነገር መጣ፤ ባዶ ሰሌዳ ያየ አስተማሪ ዓይን ነው። ጆይስቲኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«ዕድል ነው አልኩ፤ አሁንም ዕድል ነው። አንድ ሰዓት በቂዬ ነው። የቱ ነው ማስጀመሪያው?»

ጋሼ ከደስታው ብዛት መቆሚያ አጣ። ትራሶቹን ከሶፋው ላይ ወለሉ ላይ አወረደ፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ «እንደ ድሮው! እማዬ፣ አንቺ እዚህ፣ ቲቸር እዚያ፣ እኛ መሬት ላይ! ይሄ ሙዚቃ ትዝ ይላችኋል?» እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እህቱ በክርኗ ጎሸመችው፤ አልተሰማውም።

እናታቸው ግን አልተቀመጠችም። ጫማዋን አደረገች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ የኮቷን ኮሌታ አስተካከለች።

«የት ነው እማዬ?» አለ ጋሼ። «ገና አሁን እኮ ነው የጀመርነው!»

«እኔ ጨርሻለሁ። ታች ያለችው ጎረቤታችን ባለ ሱቅ ጋ ደረስ ብዬ እመጣለሁ።»

«ምን ልትገዢ?» አለች ኢንጂነሯ። «እኔ ልሂድልሽ።»

«የምገዛው የለም። የማወራው አለኝ፤ ቲቸር ቁጥሬን እስከ ጭራው እንደምታውቀው። ቲቸርን ምስክር ብዬ እጠራት ነበር፤ ሥራ ይዛለች።»

ቲቸር አልሰማቻትም። ወደ ቴሌቪዥኑ ተንጠልጥላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጆይስቲኩን ልክ እንደ መኪና መሪ ወደ ጎን ታዞረዋለች፤ ጡቡ ግን አይዞርም። «ቆዪ! ቆዪ እንጂ! ይሄ ጠማማው እንዴት ነው የሚዞረው? ኧረ ወረደብኝ! ኧረ ሞላ!»

እናታቸው በሩን ከፍታ ለአፍታ ቆመች፤ ጡቦቹ ያለ ወጉ ተቆልለው ጣሪያ ሲነኩ አየች፤ ማሽኑ የተሸናፊውን ዜማ እስኪጨርስ ጠበቀች። ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።