ዐይኑን የሚጨፍን ሰው

ዳኜ በልጅነቱ ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልይ እንደነበር፣ ከየዓለምወርቅ በቀር የሚያስታውስ ሰው በሰፈሩ አልቀረም። አባቷ አቶ መሸሻ ሞተዋል። ወንድሟ ዓምሃ ታስሯል። ዳኜ ራሱ የቀበሌው ካድሬ ከሆነ ወዲህ ያንን ዘመን ከነጭራሹ የረሳው መስሎ ይኖራል።

እሷ ግን አልረሳችም። ዓምሃና ዳኜ ከአሜሪካኖቹ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲመለሱ እነሱ ቤት ምሳ ይበሉ ነበር። ዳኜ ከመብላቱ በፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ "ውድ አባት ሆይ፣ በፊትህ ቀርበናል" ብሎ ይጀምርና ቶሎ አይጨርስም። ዓምሃ በዚያ መሀል ከዳኜ ፊት ሥጋውን እያነሣ ይጎርሳል።

"አንተ ልጅ፣" ይሉት ነበር ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቆመው ሲያስቀድሱ ያረጁት አቶ መሸሻ፣ "እግዜር ዐይን የሰጠህ እኮ ገበታህን እንድትጠብቅበት ነው።"

የሚገርመው፣ እምነቱ የጸናው በቀልደኛው በዓምሃ ልብ ነው። ዳኜ አብዮቱ ሲመጣ ካኪ ለበሰ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እነዓምሃ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ባለች የሸማኔ ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ሲዘምሩ፣ የአብዮት ጥበቃዎቹን እየመራ ያመጣው ዳኜ ነበር። ቤቱን ያውቀዋል፤ አንድ ወቅት እሱም እዚያው ይዘምር ነበርና። በማግሥቱ ዓምሃን ቀበሌው አዳራሽ ሰው ፊት አቆመው።

"ሁለት ቃል ተናገርና ወደ ቤትህ ሂድ። 'እግዚአብሔር የለም' በል።"

"አልችልም" አለ ዓምሃ።

ስለ ዳኜ አንድም ነገር አልተናገረም። እሷ በኋላ፣ እስር ቤቱ ቤተሰብ ያገናኝ በነበረ ጊዜ፣ በሽቦው አጥር ማዶ ጠየቀችው። "ለምን አላጋለጥከውም?"

"ምን ይጠቅመኛል?"

"እኔን ይጠቅመኛል" አለችው።

የዓለምወርቅ ስድስት ኪሎ ታሪክ አጥንታ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆናለች። ዐይነ አፋር ስለሆነች ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ነው የምታስተምረው። ተማሪዎቿ፣ "የቲቸርን መልክ የሚያውቀው ሰሌዳው ብቻ ነው" እያሉ ይስቁባታል። ይህች ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ቂም አርግዛ ትኖራለች ብሎ የሚጠረጥር ማንም አልነበረም፤ ዳኜም ጭምር።

ስለዚህም በ1974 ዓ.ም. አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆማት።

"ጓድ የዓለምወርቅ፣ የፊታችን እሁድ የውይይት ክበቡ ተናጋሪ አንቺ ነሽ። ርዕሱ 'የክርስትና ሃይማኖት በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ የተጫወተው ሚና' ነው።"

"እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም።"

"ትችያለሽ። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለሰሌዳ ልትነግሪው ነው እንዴ? ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓድ ለሜሳ ይመጣል። ለፓርቲው አደራጅ ኮሚሽን፣ ለኢሠፓአኮ፣ አባልነት የሚመዝነኝ እሱ ነው፤ እንዳታሳፍሪኝ።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ላንቺም ይበጅሻል። የጴንጤ እህት 'ሃይማኖት የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ ነው' ስትል ሰው ይስማ።"

"እሺ" አለች። ቤቷ እስክትደርስ ልቧ ይመታ ነበር፤ ከፍርሃት ግን አልነበረም።

እሁድ ጠዋት የመድኃኔ ዓለም ደወል እየተሰማ አዳራሹ ሞላ። የቀረ ሰው ቀበሌው የሚያድለውን ስኳር አያገኝም።

"ቅዳሴ አስቀርተው የአሜሪካን ወሬ!" አሉ እማማ ብርሃኔ ነጠላቸውን እያጣፉ።

"ዝም ይበሉ እማማ፣" አላቸው ባለሱቁ ሸፊ፣ "የእርስዎ ቅዳሴ ለሚቀጥለው እሁድ ይደርሳል። የእኔን ገበያ ማን ይመልስልኛል?"

ጓድ ለሜሳ፣ ወፍራምና ሳቂታ ሰው፣ ከፊት ተቀምጧል። ዳኜ ከጎኑ ነው። የዓለምወርቅ ቆማ ጉሮሮዋን ጠራረገች። መጀመሪያ ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም።

"ጮክ በይ ልጄ!" አሉ እማማ ብርሃኔ ከኋላ።

ጮክ አለች። በእምነታቸው ተገፍተው ከእንግሊዝ ስለተሰደዱት ሰዎች ተናገረች። ባሕር ተሻግረው፣ እግዚአብሔር የመረጠን ሕዝብ እኛ ነን አሉ። የአገሬውን መሬት፣ የተሰጠችን የተስፋ ምድር ናት ብለው ያዙ። ራሳቸው የተሰደዱት ሰዎች፣ በሃይማኖት የተለዩዋቸውን ገረፉ፤ ኩዌከር ከሚባሉት ጥቂቶቹን በገመድ ሰቀሉ። የባሪያ ጌቶች፣ ለጌታህ ታዘዝ የሚለውን ብቻ እየመረጡ ለባሪያዎቻቸው አሰበኩ። ጓድ ለሜሳ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ዳኜም ለሜሳን እያየ ይነቀንቃል።

"ባሪያዎቹ ግን" አለች የዓለምወርቅ፣ "ጌቶቻቸው የዘለሉትን ሰሙ። እስራኤል ከግብፅ የወጣችበትን። ጫካ ገብተው በስውር ይጸልዩ ነበር። ድምፃቸው እንዳይሰማ የብረት ድስት በአፉ ይደፋሉ፤ ድስቱ ድምፁን ይውጥልናል ብለው ያምኑ ነበር።"

አዳራሹ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ስለ ሸማኔው ቤት የማያውቅ አልነበረም።

"በኋላም የዚያ አገር ሰዎች አንዱን እግዚአብሔር እየጠሩ፣ ገሚሱ ባርነት ይቅር፣ ገሚሱ ባርነት ይቆይ ብለው ተዋጉ። ሰንሰለቱም፣ ሰንሰለቱን የቆረጠውም ሰው፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የወጡት። ድስቱ የት እንደሚደፋ የሚያውቅ፣ አብሮ ሲዘምር የነበረ፣ ግን ሄዶ ለጌታው የሚናገር ሰውም ከመካከላቸው አይጠፋም ነበር።"

ዳኜ ቀና ብሎ አያት። ዐይኗን አልሰበረችም። በሕይወቷ ሰውን እንዲህ ትክ ብላ አይታ አታውቅም።

"ጸሎታቸው ምን ይመስል እንደነበር እንድትረዱት" አለች፣ "አንድ ሽማግሌ ባሪያ ሊጸልይ የሚችለውን ልንገራችሁ።"

ጸሎቱን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ሳምንቱን ሙሉ ራሷ ስትሠራው የቆየችው ወጥመድ ነበር። አጀማመሩ፣ ቆም ማለቱ፣ ቃሉን መጎተቱ፣ ሁሉም ያኔ ገበታቸው ላይ ከዳኜ አፍ የሰማችው ነው። ዝግ ብላ ጀመረች።

"ውድ አባት ሆይ፣ በፊትህ ቀርበናል። ጅራፉን ታያለህ። ልጆቻችንን የሸጡበትን ገበያ ታያለህ። አሳልፎ የሰጠንን ወንድማችንንም ታያለህ። እንጀራችንን በልቶ የሸጠንን ወንድማችንን..."

እማማ ብርሃኔ አማተቡ። ሸፊ መዳፉን ዘረጋ። ሁሉም ዐይናቸውን ከፍተው እሷን ያዩ ነበር። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ብቻ አንገቱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ዐይኖቹ ተከደኑ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዳኜ ነበር። ፈልጎ አልነበረም። ገላው ብቻውን ያደረገው ነገር ነው።

ለሜሳ ዞር ብሎ አየውና በክርኑ ጎሸመው። "ጓድ ዳኜ! ተኝተሃል እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ። ዳኜ ብንን አለ። "ሌሊቱን ጥበቃ ላይ ነበርኩ፣ ጓድ። ሸለብ አደረገኝ።"

"እንቅልፍም ትግል ነው!" ብሎ ለሜሳ ከሰው ሁሉ በላይ ሳቀ። አምኖታል።

የዓለምወርቅ ወረቀቷን ይዛ ቆመች። አሁን ብትቀመጥ ማንም ምንም አይላትም። ዳኜ ነገ አባል ይሆናል፤ ዓምሃም እዚያው ይከርማል።

"እሱ አልተኛም" አለች።

"ምን አልሽ?" አለ ለሜሳ።

"አልተኛም፣ እየጸለየ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጸልየው። ያስተማሩት አሜሪካኖቹ ናቸው። እኛ ቤት ገበታ ላይ በዐይኔ አይቼዋለሁ።"

የለሜሳ ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ዳኜ ተነሣ። "ውሸቷን ነው! ወንድሟን ስላሳሰርኩባት ነው!"

"ይሆናል" አለ ለሜሳ። "ማጣራቱ ግን ቀላል ነው። 'እግዚአብሔር የለም' በል። ሁለት ቃል ናት።"

ዳኜ ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ። በየሳምንቱ መፈክር የሚያሰማው ያው እጅ ነው። "እግዚአብሔር..." አለና ቆመ። "እግዚአብሔር..." ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። የዓለምወርቅ ከቆመችበት ሆና ታየዋለች። ቃሉን ቢል አምላኩን ክዶ በሰው ፊት ይዋረዳል፤ ባይል ይታሰራል። በሁለቱም መንገድ እጇ ይገባል። አትቸኩልም፤ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

እጁ ወረደ።

"አልችልም" አለ ዳኜ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

ከበሩ አጠገብ የነበሩት ጥበቃዎች፣ ትናንት እሱ ያዝዛቸው የነበሩት፣ ግራና ቀኝ ይዘው አወጡት። በፊቷ ሲያልፍ አያት። አንዳች ቃል ቢናገራት ምን እንደምትመልስለት አስባ ነበር፤ ጥበቃዎቹ ግን ገፍተው አሳለፉት። የዓለምወርቅ ያን ቀን ምሳዋን በልታ ጠገበች። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲያ በልታ አታውቅም።

በሳምንቱ ለዓምሃ ስንቅ ይዛ ሄደች። እስር ቤቱ ቤተሰብ ማገናኘት ካቆመ ቆይቷል፤ ስንቁን በር ላይ የሚቀበለው ቶለሳ የሚባል ጠባቂ ነው።

"ወንድምሽ ስንቁ ከዛሬ ወዲያ ለሁለት ሰው ይሁን ብሏል" አላት። "አዲስ የገባ አለ። ዘመድ የለው፣ ጠያቂ የለው።"

ስሙን አልጠየቀችም። በሚቀጥለው ሳምንት የአንድ ሰው ስንቅ ብቻ ይዛ መጣች።

ቶለሳ የምሳ ዕቃውን በእጁ መዘን አደረገው። "ለአንድ ነው?"

"ለአንድ።"

"እንግዲያው ወንድምሽ ዛሬም አይበላም ማለት ነዋ። ያለፈውንም ለሰውዬው አሳልፎ ነው የሰጠው። ከስቷል ልጁ፣ እኔ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ በንዴት ታለቅስ ነበር። የተናደደችው በዳኜ አልነበረም። ዓምሃ እሷ የነጠቀችለትን ድል እንዴት ከእጇ መልሶ እንደወሰደባት ነው ያንገበገባት። ሳምንቱን ሙሉ ሐሳቧን ስታወጣና ስታወርድ ከረመች። ዳኜን ማስራብ ዓምሃን ማስራብ ከሆነ፣ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት የምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ሁለቱም እኩል፣ ሁለቱም ጥሩ ቅቤ የገባበት ወጥ ነበር።

"ይሄ የዓምሃ መሸሻ ነው፣ አውቀዋለሁ" አለ ቶለሳ። "ይሄኛውን የማን ልበል?"

"የዳኜ ስለሺ።"

"ምንሽ ነው?"

"ያሳሰርኩት ሰው ነው።"

ቶለሳ የቀለደች መስሎት ሳቀ። "ታዲያ በዚህ ቅቤ ልታወፍሪው ነው?"

እሷ አልሳቀችም። ዕቃውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ሳትለቅለት፣ ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

"ማን እንደላከው ሳትነግረው እንዳትሰጠው። 'የዓምሃ እህት፣ የዓለምወርቅ፣ በእጇ ሠርታ ልካልሃለች' በለው። ስሜን ይስማና፣ የሸጠው ቤት እንጀራ መሆኑን አውቆ ይብላ። በየሳምንቱ እንዲህ ብለህ ንገረው።"

ቶለሳ ግራ እንደገባው ዕቃውን ተቀብሎ ገባ። የዓለምወርቅ ነጠላዋን አጥብቃ፣ ባዶው ዕቃ እስኪመለስላት ድረስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።